የዓመቱ ምርጥ ጆተኒ

ቺካጎ አጠገብ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ከመገናኛ ከሄደ ጀምሮ በደወለ ቁጥር የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ መንገዱ አለቀ ወይ? ጆተኒው አለ ወይ? ሰሞኑን ግን ሦስተኛ ጨመረበት። "እባክህ ድምፅ ስጥልኝ!" አለኝ። ለምክር ቤት ተወዳድሮ መስሎኝ እንኳን ደስ ያለህ ልለው አፌን ስከፍት፣ ድምፁ የሚፈለገው ለፒንቦል ማሽን መሆኑን ነገረኝ።

ፒንቦልን ላላየ ሰው ላስረዳ። አራት እግር ያለው፣ ፊቱ በመስታወት የተሸፈነ ጠረጴዛ ነው። አንዲት የብረት ኳስ በሞላ ትወነጨፍና ከላይ ጀምሮ እየተላተመች፣ መብራት እያበራች፣ ደወል እያስጮኸች ትወርዳለች። ተጫዋቹ ግራና ቀኝ ያሉትን ቁልፎች ሲጫን ከታች ሁለት ክንፎች ብድግ ይሉና ኳሷን ወደ ላይ ይመልሷታል። ሜዳው ሆን ተብሎ ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ ነው፤ የተለመደው 6.5 ዲግሪ ነው ይላሉ አዋቂዎቹ። እንግዲህ ኳሷ መውረዷ አይቀርም። ሰውየው የሚከፍለው ውርደቱን ለማዘግየት ነው።

ይህ ማሽን አሜሪካ ውስጥ አፍቃሪዎቹ በኢንተርኔት ድምፅ የሚሰጡበት ትዊፒ የሚባል ሽልማት አለው። የዓመቱ ምርጥ ማሽን፣ ምርጥ ሥዕል፣ ምርጥ ሙዚቃ፣ ምርጥ የጨዋታ ሕግ እያሉ ይመርጣሉ። እኛ በሸገር 102.1 የለዛ የአድማጮች ምርጫ ሽልማት ሲደርስ ለዘፋኝ እንደምንጨነቀው፣ እነሱ ለጠረጴዛ ይጨነቃሉ።

የአክስቴ ልጅ የቆመው በ2025 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለወጣው "ኪንግ ኮንግ" ነው። የስተርን ኩባንያ ሥራ ነው፤ የነደፈው ኪት ኤልዊን። ሰውየው ራሱ በፒንቦል ውድድር ደጋግሞ ያሸነፈ ተጫዋች ነበር፤ በ2021 "ጎድዚላ"ን ሠርቶ አፍቃሪውን ያሳበደውም እሱ ነው። በሌላ በኩል ጀርዚ ጃክ የሚባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት "ሃሪ ፖተር"ን ይዞ መጣ። የአክስቴን ልጅ ሃሪ ፖተር ያሰጋዋል።

"ተጫውተኸዋል?" አልኩት።

"የለም፤ ቪዲዮውን ግን አይቻለሁ።"

"ኪንግ ኮንግንስ?"

"እሱን አንድ ቡና ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሲጫወት ቆሜ አየሁት።"

እኔ ደግሞ እሱ ያየውን ሰው እንኳን አላየሁም። ሆኖም ድምፄ እኩል ነው የሚቆጠረው። ይሄኔ ነው ነገሩ ያሳሰበኝ። ኪንግ ኮንግ ሲወጣ ርካሹ ወደ 7 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ያው አንዱ ጨዋታ በሦስት ደረጃ ይሸጣል፤ በቁጥር ተወስኖ የሚሠራው ትልቁ ደረጃ 13 ሺህ ይደርሳል። እስቲ ንገሩኝ፤ 13 ሺህ ዶላር ከፍሎ ማሽን ሳሎኑ ያስገባ ሰው "የጎረቤቴ ይሻላል" ብሎ ድምፅ ይሰጣል? ሚስቱ ፊት? ስለዚህ እዚያ አገር መራጩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስለገዛው የሚመርጥ፣ ሌላው ስላልነካው የሚመርጥ ነው። ሁለቱንም ማሽኑ ራሱ አያስፈልጋቸውም።

የመገናኛ ሰው ነኝና ፍትሐዊ ምርጫ እዚሁ ቢካሄድስ ብዬ ተነሳሁ። ፒንቦል በሰፈራችን የለም። ጆተኒ ግን አለ፤ የአጎት ልጁ ነው።

የመጀመሪያው ዕጩ በሾላ በኩል፣ ከታክሲ ሰልፉ ጀርባ ባለው ቅያስ ውስጥ፣ ሸራ ስር የቆመው አንጋፋው ጆተኒ ነው። ቀድሞ መንገድ ዳር ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ2016 የአራት ኪሎ–መገናኛ ኮሪደር ልማት ሲመጣ እሱም እንደ ሁላችን ወደ ውስጥ ገባ። የባለቤቱን ስም የሚያውቅ የለም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠረጴዛውን ያሠሩ ጊዜ ሠዓሊውን "አንዱን ቡድን አርሰናል፣ አንዱን ማንቸስተር አድርግልኝ" ብለው ነበር አሉ። ሠዓሊው አሰበ፣ አሰበ፣ ሁለቱም ቀይ ሆኑበት። በመጨረሻ ማንቸስተርን ሰማያዊ ቀባው። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊው ቡድን ማንቸስተር ሲቲ ነው፣ የለም ቼልሲ ነው የሚል ክርክር ተነስቶ አልተቋጨም። ሰማያዊው በረኛ አንገቱ የለም። ቢሆንም ጎል የሚገባበት በእግሩ ስር ስለሆነ ጭንቅላት ማጣቱ አጉድሎበት አያውቅም። ዘንጎቹ የሚለሰልሱት በምግብ ዘይት ነው። ዘይት የተወደደ ሰሞን ጩኸታቸው ወያላውን ይበልጥ ነበር፤ "ኮተቤ! ኮተቤ!" የሚለው ድምፅ እስኪዋጥ።

የዚህ ጆተኒ ትልቁ ምስጢር ግን መሬቱ ነው። አገሩ ሁሉ ከእንጦጦ ወደ ቦሌ የሚወርድ ቁልቁለት መሆኑን ታውቃላችሁ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ዝናቡም ጭቃውም ከዚያ ተነስቶ በእኛ በኩል ያልፋል። ጋሼ በታችኛው እግር ስር ድንጋይ ቢያደርጉበትም ቁልቁለቱን ድንጋይ አያታልለውም። ኳሷን መሀል ላይ ብትተዋት፣ ማንም ሳይነካት፣ በራሷ ጊዜ ወደ ቦሌ ጎል ትሄዳለች። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ከጨዋታው ይልቅ የሚያስጨንቀው የሳንቲሙ ዕጣ ነው። "የእንጦጦ በኩል" የደረሰው ተጫዋች እጁን ያፍታታል፤ "የቦሌ በኩል" የደረሰው ሰበብ ያዘጋጃል። ታዲያ ፈረንጅ በ13 ሺህ ዶላር ያዘነበለ ሜዳ ሲገዛ፣ የእኛን እንጦጦ በነፃ አዘንብሎልናል።

ሌላም ዝምድና አላቸው። ፒንቦል ውስጥ ቲልት የሚባል ነገር አለ። ተጫዋቹ ጠረጴዛውን ከልክ በላይ ከነቀነቀው ውስጥ የተንጠለጠለ ትንሽ የብረት ፍሬ ይነካና ክንፎቹን ያሰንፋቸዋል፤ ኳሷ እያየኋት ወረደች ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ቲልቱ ጋሼ ናቸው። ከበርጩማቸው ሳይነሱ፣ ጋዜጣቸውን ሳያጥፉ፣ "ልጄ፣ ጠረጴዛውን ተወው" ይላሉ። ሁለተኛ ካሉ ኳሷ ኪሳቸው ትገባለች። በአሜሪካ ቴክኖሎጂ ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛው ዕጩ ከአደባባዩ ማዶ፣ የአንድ ሕንጻ ላይኛው ፎቅ ላይ የገባው አዲሱ ጆተኒ ነው። ያንጸባርቃል። ውኃ ልኩ የተጠበቀ ነው፤ ኳሷ ባስቀመጥካት ቦታ ትቀመጣለች፤ ለእኛ ሰፈር ልጅ ይህ ትንሽ ያሳፍራል። የጎል መቁጠሪያ አለው፤ ስለዚህ መካድ አይቻልም። መካድ ከሌለ ክርክር የለም፤ ክርክር ከሌለ ደግሞ ተመልካቹ ለምን ይቆማል? ጎል አግብቼ ስጮህ አንድ ጥበቃ መጥቶ "ወንድሜ፣ እዚህ ሰው ይሠራል" አለኝ። እጄን ዘንጉ ላይ እንደያዝኩ፣ እንደ ቢሮ ሠራተኛ፣ በዝግታ ሁለተኛውን አገባሁ።

እዚያው ፎቅ ላይ አሻንጉሊት የሚያነሳው ማሽንም አለ። ሦስት ጣት ያለው የብረት እጅ ይወርዳል፣ ድቡን ያቅፋል፣ ከፍ ያደርጋል፣ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ስለ እሱ ብዙ አልልም። ሕፃናት ይወዱታል፤ ለድምፅ መስጫ ዕድሜ ግን አልደረሱም።

ፕሌስቴሽን ቤቱ አደገኛ ተቀናቃኝ ነው። የቁጥር ብልጫ አለው። ትምህርት ቤት በተለቀቀ ቁጥር መራጩ በቦርሳው ይገባል። የኳስ ጨዋታው እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ስሙን "ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ" ብሎ ቢቀይርም፣ ሰፈራችን ግን ስም ለመቀየር ማስታወቂያ አይበቃውምና እስከ ዛሬ ፊፋ ነው። ድክመቱ፣ የተሸነፈ ሁሉ ጆይስቲኩን መክሰሱ ነው። ጆተኒ ላይ የተሸነፈ ማንን ይከሳል? ቁልቁለቱን ሊከስ ይችላል፤ ግን ቁልቁለቱ ተራራ ነው፣ አይሸማቀቅም።

የእንጦጦ ፓርክ ጎ-ካርት ይግባ ያሉኝ ነበሩ። ፓርኩ በእኛ አቆጣጠር በ2013 ከተከፈተ ጀምሮ የከተማው ሰው ለመዝናናት ወደ ላይ ይወጣል። ነገር ግን የራስ ቁር አስደርጎ የሚያስኬድ ጨዋታ ከጆተኒ ጋር ማወዳደር ለሁለቱም ክብር አይሆንም ብዬ ሰረዝኩት። አስመራጩ እኔው ስለሆንኩ ይግባኝ አልተጠየቀም።

ምርጫ ዘመቻ ይፈልጋልና ለጋሼ ዜናውን ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ ጠረጴዛዎ የዓመቱ ምርጥ ለመባል ታጭቷል።"

ከጋዜጣው በላይ አዩኝ። "ግብር ይጨምራል?"

"አይ፣ ክብር ነው።"

"ተወው እንግዲያ። ክብር ከመጣ የሚመለከተው አካል አብሮ ይመጣል።"

ስጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም። ጆተኒ ቤት፣ ፑል ቤትና ፕሌስቴሽን ቤት በትምህርት ቤት አካባቢ ሲገኙ "አዋኪ" ተብለው እየተጠሩ ስንቴ ታሽገዋል። እናቶችም የራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ጆሮ ይያዛል፣ ልጁ ከነጆሮው ይሄዳል። ይህ ግን የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። የኒው ዮርክ ከንቲባ ላጋርዲያ ፒንቦልን የልጆችን ምሳ ሳንቲም የሚበላ ቁማር ነው ብሎ እንደ ፈረንጆቹ በ1942 አገደው። በመዶሻ ራሱ እየሰባበረ ፎቶ ተነሳ፤ ስብርባሪው ወንዝ ገባ። እገዳው እስከ 1976 ቆየ። በዚያ ዓመት ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ማሽን ቀርቦለት፣ "አሁን ኳሷን በመሀለኛው መስመር እልካታለሁ" ብሎ አስቀድሞ ተናግሮ ላካት፤ ሄደች። ጨዋታው ዕድል ብቻ ሳይሆን ችሎታ ነው ተብሎ ተፈቀደ። እኛ ዘንድ ይህ ቢሆን፣ የሰፈራችን ልጅ ባለሥልጣን ፊት ቀርቦ "ወደ ቦሌ ጎል እልካታለሁ" ቢል፣ ኳሷ መሄዷ አይቀርም። ችሎታ መሆኑን ማስረዳት ግን ይከብዳል።

ወደ ዕጩዎቻችን ዕድል ስመጣ፣ በኢንተርኔት ድምፅ ቢሰጥ የሚያሸንፈው አዲሱ ጆተኒ ነው። ፎቶ ያምርበታል፤ ቺካጎ ያለውም ሰው ሊመርጠው ይችላል። ፕሌስቴሽኑ ሁለተኛ ይወጣል፤ መራጮቹ ብዙ ናቸው፣ ግን ጨዋታ አቋርጠው ድምፅ አይሰጡም። አንጋፋው ሦስተኛ ነው። ደጋፊዎቹ በሙሉ ሁለት እጃቸው ዘንግ ላይ ስለሆነ ስልክ የሚነካላቸው የለም።

እኔ ግን ይህን ቆጠራ አልቀበለውም። አንጋፋው ጆተኒ ላይ አሸናፊ ይቆማል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። እዚያ የሚገባው እያንዳንዱ ብር ከተሸናፊ ኪስ የወጣ ነው። ተዋርዶ፣ ተስቆበት፣ ከፍሎ፣ እንደገና ከወረፋው መጨረሻ የሚሰለፍ ሰው የሰጠውን ድምፅ የመሰለ ድምፅ የት ይገኛል? የአክስቴ ልጅ አገር መራጭ ማሽን የሚመርጠው ስለገዛው ወይም ስላልነካው ነው፤ እኛ ግን እየተሸነፍንበት የምንወደው ነገር አለን። ምርጫ ቦርድ ቢኖረኝ የምቆጥረው የተሸናፊዎቹን ድምፅ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በተሰጠኝ ሥልጣን፣ ማለትም ራሴ ለራሴ በሰጠሁት፣ የዓመቱን ምርጥ ማሽን ማዕረግ በሾላ በኩል፣ ሸራ ስር ላለው ጆተኒ ሰጥቻለሁ። ምርጥ ሥዕል ደግሞ ሰማያዊውን ማንቸስተር ለቀባው ሠዓሊ ይሁን። ውጤቱን የማይቀበል ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ወረፋ ይያዝ፤ ዕጣው ሲጣል "የእንጦጦ በኩል" ይበል።

ጋሼ ዱቤ አይሰጡም።