ባዶ ወንበር ነውር ነው

ሞተር ሳይክል ይዞ በየተራራው ብቻውን መንከራተት የሚወድ ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል። ቴድ ሳይመን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነስቶ በትራያምፍ ሞተሩ ለአራት ዓመታት ዓለምን ሲዞር የእኛንም አገር አቋርጧል። ኢዋን ማክግሪገርና ቻርሊ ቡርማን የተባሉት ተዋናዮችም እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ጫፍ እስከ ኬፕታውን ሲወርዱ በኢትዮጵያ አልፈዋል፤ እነሱ ግን ካሜራ ያዥና ዕቃ የጫነ መኪና ስላስከተሉ ብቸኝነታቸውን አልቆጥርላቸውም። ለሳይመን እጅ እነሳለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በቤሌ በኩል ቢመጣ ኖሮ ብቻውን ይዘልቅ ነበር?

አይመስለኝም። ቤሌ ከወላይታ ሶዶ በስተምዕራብ፣ በኪንዶ ኮይሻ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። ከእሷ ወጣ ብለው ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርዱት ጥርጊያ መንገዶች ለብቸኛ ሰው የተቀየሱ ይመስላሉ፤ ዳገት፣ ገደል፣ ጠመዝማዛ፣ ቀይ አፈር። በበጋ አቧራው ቅንድብ ያቀላል፤ ዝናብ የነካው ዕለት ግን ሳሙና ነው። እኔም ቦክሰር ሞተሬን አስነስቼ፣ ከጎዳና ሻጭ በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ገዝቼ፣ «ዛሬስ ከራሴ ጋር ላወራ ነው» ብዬ እወጣለሁ።

ከራሴ ጋር አውርቼ አላውቅም።

በመጀመሪያ ሰላምታ አለ። በዚህ አገር ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የለም፤ «ሳሮ!» ያለህን ሁሉ «ሳሮ» ማለት አለብህ። በእግር ለሚሄድ ቀላል ነው። ቁልቁለት ላይ አንድ እጁ ፍሬን፣ ሌላው ፍሪሲዮን ለያዘ ሰው ግን ሰላምታ የሰርከስ ሙያ ነው። በአንገቴ ብቻ እጅ መንሳት የተማርኩት እዚያ ነው።

ቀጥሎ ጭቃው አለ። አንድ ዳገት ላይ ጭቃው ፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቅና የኋላ ጎማው አልዞር ይላል። ዙሪያውን ሳይ ሰው የለም። «በቃ፣ ብቸኝነት ማለት ይኸው» እላለሁ። ሞተሩን አጥፍቼ ቀና ስል ከእንሰቱ ውስጥ ልጆች ይፈልቃሉ። አንዱ ስለታም እንጨት ይዞ መጥቷል፤ ማንም ሳያዘው ቁጢጥ ብሎ ከጎማውና ከፓራፋንጎው መካከል ጭቃውን በሥርዓት ይፍቃል፣ በካቴናው ዙሪያ ሲደርስ በጣቱ ይለቅማል። ሁለተኛው ሄልሜቴን አጥልቆ አፍንጫው ድረስ ጠፍቷል። የቀሩት በአንድ ድምፅ ይገፋሉ። ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ከገፊዎቹ አንዱ ከኋላዬ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። መቼ እንደወጣ ሞተሩም አያውቅም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ያ ሁለተኛው ወንበር ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተርን የወንጀል መሣሪያ ሆነ ብላ በፈቃድ አጥራዋለች፤ እዚህ ሞተር ታክሲ ነው፣ አምቡላንስ ነው፣ አንዳንዴም የእህል መጫኛ ነው። ስለዚህ ባዶ ወንበር ይዞ ማለፍ ነውር ነው። አንድ አባት ከሩቅ ከዘራቸውን ያነሳሉ።

«ብቻህን ነህ?»

«አዎ አባቴ።»

«ውይ! ምን ሆነህ?»

የሚያዝኑት ከልብ ነው። አዝነውም አይቀሩም፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ አውራ ዶሯቸውን እንደያዙ ከኋላዬ ይሰቀላሉ። መድረሻቸው «እዚሁ ቅርብ» ነው። «እዚሁ ቅርብ» አንድ ወንዝና ሁለት ጋራ ተሻግሮ ይገኛል። በሕይወታቸው ሞተር ነድተው የማያውቁት እኚህ ሰው በየመታጠፊያው «ማርሽ ቀንስ ልጄ!» ይላሉ። የሚያናድደኝ ልክ መሆናቸው ነው። ጎርበጥባጣው ላይ ስንዘል ዶሮው ይጮሃል፣ እሳቸው ይስቃሉ፣ መንገድ ላይ ዘመድ ሲያዩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ያስቆሙኛል። የሟች፣ የአራስ፣ የከብት ዜና ተጠያይቆ እስኪያልቅ እኔ ሞተሩን ሳላጠፋ እጠብቃለሁ። ቤንዚኑ የእኔ ነው።

ከዚሁ አካባቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ወላይታና ዳውሮን በሚያዋስነው ኦሞ ወንዝ ላይ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ተገትሯል፤ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያ ሁሉ ኃይል ጋራውን በሽቦ ሲሻገር «አድርሰኝ» የሚለው የለም። ቦክሰሬ ግን በ150 ሲሲ ጉልበቷ እኔን፣ አባትን፣ ዶሮውንና ከታች የተጨመረ ጄሪካን ይዛ ታቃስታለች።

ስለዚህ ብቸኝነት ፍለጋ ሞተር አስነስታችሁ ወደ ቤሌ ለምትመጡ አንድ ምክር አለኝ፤ ሄልሜት ሁለት ያዙ፣ የኋላውን የእግር ማሳረፊያ አስቀድማችሁ አስበይዱ። ሰው ይሰቀልበታል።