የቱን ሰማያዊ ነው የምትለኝ?

«ቀለም በዓይን እንጂ በኮምፒውተር አይታይም» አለኝ ዊንጌት አካባቢ ባነር የሚያትም ልጅ።

«በማን ዓይን? ባንተ ወይስ በሚከፍልህ ሰው?»

«በሁለታችንም።»

«እንግዲያማ ትናንት ለምን ተጣላችሁ?»

ተጣልተው ነበር። ሥራው የምረቃ ባነር ነው። ደንበኛው ስልኩ ላይ የሚያበራ አረንጓዴ አይቶ አዘዘ፤ ከማሽኑ የወጣው ግን የደከመ አረንጓዴ ሆነ። ደንበኛው «ቀለም ቆጥበህብኝ ነው» አለ፤ ልጁ «ስልክህ ነው የዋሸህ» አለ። ለሁለቱም መልስ አለኝ።

ወንድሜ ደንበኛው፣ ልጁ አልሰረቀህም። ስልክህ ራሱ ብርሃን ይረጫል፤ ባነሩ ግን የመጣለትን ብርሃን ከፊሉን ውጦ የተረፈውን ነው የሚመልስልህ። ስልክህ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እያንዳንዱን ከ0 እስከ 255 እያበዛና እየቀነሰ 16,777,216 ድብልቅ ያወጣል። ማተሚያው ያለው ሲያን፣ ማጄንታ፣ ቢጫና ጥቁር ነው። ያንን የሚያበራ አረንጓዴ ከነዚህ አራቱ ማንም አያወጣውም፣ ቀለሙን በበርሜል ቢያፈስበትም።

አንተም ባለ ማሽኑ፣ ይህን እያወቅህ ቀብዱን ስትቀበል ለምን ዝም አልክ? ጂምፕ፣ ክሪታና ስክራይበስ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው። የማሽንህንና የወረቀትህን የቀለም ፕሮፋይል ከሰጠሃቸው፣ ኅትመቱ ምን መስሎ እንደሚወጣ አስቀድመው ስክሪን ላይ ያሳዩሃል፤ ከማሽኑ አቅም በላይ የሆነውንም ቀለም ለይተው ያመለክቱሃል። ደንበኛህን አስቀምጠህ ብታሳየው ጠቡ ከመጀመሩ በፊት ያልቅ ነበር።

«ኧረ ኢንተርኔት ላይ በአንድ ጠቅታ የሚቀይር አለ!» አለኝ።

«ወረቀትህን ጠየቀህ?»

«አልጠየቀኝም።»

«እንዲያ ከሆነ ገምቶ ነው የነገረህ።»

አንዱ የስክሪን ቀለም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ አንድ ቅመራ፣ ጋዜጣ ወረቀት ላይ ሌላ ቅመራ፣ የባነር ፕላስቲክ ላይ ሦስተኛ ቅመራ ይፈልጋል። ወረቀቱንና የኅትመቱን ቀለም ሳይጠይቅ አራት ቁጥር የሚሰጥህ መቀየሪያ ለሐሳብ መነሻ ይሆንሃል እንጂ ለኅትመት አይሆንህም።

ይሄኔ አንድ የታክሲ ረዳት ከጎናችን ጣልቃ ገባ። «ኧረ አታካብድ ባክህ፣ ሰማያዊ ሰማያዊ ነው!»

«ተራ ከያዙት ሚኒባሶች ሁለት አንድ ዓይነት ሰማያዊ አውጣልኝና ዝም እላለሁ።»

ዞር ብሎ አየ። አንዱ ወደ ውሃ ሰማያዊ የሄደ፣ አንዱ የጠቆረ፣ አንዱ በሩ ከጎኑ የተለየ። ሁሉም ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነው፤ እያንዳንዱ ግን የተቀባበት ጋራዥ ሰማያዊ ነው። አንዱ ሹፌር ደግሞ በኩራት «እኔ የቀለሙን ኮድ ይዤ ነው ያስቀባሁት» አለ። ወዳጄ፣ ኮዱ ቀለሙ አዲስ ሳለ የነበረውን መልክ ነው የሚነግርህ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ያንን ሁሉ ዓመት ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ፀሐይ ላይ ቆሟል። በሩን በኮዱ ካስቀባኸው በሩ አዲስ፣ ጎኑ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ጥሩ ቀለም ቀማሚ የቀለም መለኪያ መሣሪያውን የሚያስነካው በሩ አጠገብ ያለውን የቆየ ቆርቆሮ ነው፤ የመሣሪያው ፕሮግራም የፋብሪካውን ቅመራ እዚያ ወዳለው መልክ እያስተካከለ ስንት ግራም ከየትኛው እንደሚጨመር ይነግረዋል።

የቀለምን ነገር ካነሳን ግን ልቤ ያለው ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔዎቹ ዘንድ ነው። እዚያ ቀለም ሲሳሳት የሚከስረው ማሽን አይደለም፤ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ስንት ቀን የሸመነ ሰው ነው።

አንዲት ነጋዴ አገኘሁ። ዋሽንግተን ያለች ሙሽራ የሚዜዎቿን ቀሚስ ፎቶ በቴሌግራም ልካላታለች፤ የሐበሻ ልብሱ ጥበብ ከዚያ ጋር እንዲገጥም ነው ትእዛዙ። ነጋዴዋ ሰማያዊ ሸራ ሥር ቆማ፣ በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው የክር ጥቅል ይዛ ታስተያያለች።

«እህቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሳመሳስል ነዋ።»

«ከምኑ ጋር?»

«ከቀሚሱ።»

«ቀሚሱ ዋሽንግተን ነው። አንቺ የያዝሽው መስታወት ነው።»

ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። የሙሽራዋ ካሜራ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን ገምቶ ፎቶውን በሙሉ ወደ አንድ ወገን ገፍቶታል። የነጋዴዋ ስልክ ደግሞ ለማታ ንባብ ተብሎ ቢጫ የሚያደርገው ማስተካከያ አልጠፋም። ከላይ ያለው ሸራ እጇ ላይ ያለውን ክር ሰማያዊ ያለብሰዋል፤ ነጩ መነን ጨርቅ እንኳ እዚያ ሥር ነጭ አይደለም። በዚህ ሁሉ መሀል የተመረጠ ክር ቢገጥም አጋጣሚ ነው። ካልገጠመ ልብሱ ይመለሳል፤ ኪሣራው ወርዶ ወርዶ ሸማኔው ላይ ያርፋል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

በሰው እጅ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ጨርቅ ታስልክልሽ። ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ካልሆነ ቁጥር ትላክልሽ። ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባለው በእጅ የሚያዝ መለኪያ የራሱን መብራት ጨርቁ ላይ አብርቶ፣ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ብርሃን ውስጥ በየ10 ናኖሜትሩ ምን ያህሉ እንደተመለሰ ይመዘግባል፤ 31 ቁጥር ይሰጣል። ሸራ አያታልለውም፣ አምፖል አያታልለውም። ፎቶ ከስልክ ስልክ ሲዞር መልኩን ይቀያይራል፤ ቁጥር መንገድ ላይ አይደበዝዝም።

«እኔ ይህን መሣሪያ ከየት አመጣለሁ?»

እሺ፣ ስልክሽ ብቻ ይኑር። ከሸራው ሥር ውጪ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያርፍበት ጥላ ፈልጊ። ከክሩ ጎን ግራጫ መለኪያ ካርድ አስቀምጪና ሁለቱን በአንድ ፎቶ አንሺ። ከዚያ በማንኛውም የቀለም መልቀሚያ መተግበሪያ መጀመሪያ ካርዱን ንኪ። የካርዱ ሦስት ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ ፎቶው ወደ አንድ ወገን አጋድሏል ማለት ነው፤ እሱን ሳታስተካክዪ የክሩን ቁጥር አትመኚ። ሙሽራዋም በበኩሏ ቀሚሱን እንዲሁ ታድርግ። የመሣሪያውን ያህል አይደርስም፣ መስታወት ከክር ጋር ከማስተያየት ግን እጅግ ይሻላል።

ነገሩን ሲሰሙ የቆዩ አንድ ሸማኔ ተናገሩ። «ሠላሳ ዓመት በዓይኔ ሠርቻለሁ። ማሽን እኔን አያስተምረኝም።»

«ጋሼ፣ የትኛው ክር ከየትኛው ጎን እንደሚያምር ማሽን አያውቅም፤ እርስዎ ያውቃሉ። ግን ያ ሠላሳ ዓመት ዓይንዎን ሳይነካው አላለፈም።»

የሰው ዓይን ሌንስ በዕድሜ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ሰማያዊውም እየደበዘዘ ይመጣል። የሚመጣው ቀስ እያለ ስለሆነ ባለቤቱ አያውቀውም።

«እና ጡረታ ልውጣ?»

«በጭራሽ። የመረጡትን ቀለም ቁጥሩን ያስጽፉ፤ ልጅዎ ነገ ያንኑ ክር እንዲያገኝ።»

ትንሽ አሰቡና «እሱስ እውነት ነው፤ ክሩን ባንዴ ካልገዛኸው ሁለተኛ አታገኘውም» አሉ። በአንድ ቀን የተነከረ ክርና በሌላ ቀን የተነከረ ክር ስማቸው አንድ ሆኖ መልካቸው እንደሚለያይ ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ሌላም ነገሩኝ፦ ሱቅ ውስጥ የተስማሙ ሁለት ክሮች ደጅ ሲወጡ ይጣላሉ። ይህም እውነት ነው። የተነከሩበት ቀለም የተለያየ ከሆነ ባንዱ ብርሃን ይገጥማሉ፣ በሌላው ይለያያሉ። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ብርሃኑን ራሱን በቁጥር የሚናገሩት፤ ለቀን ብርሃን ወደ 6,500 ኬልቪን፣ ለድሮው ባለሽቦ አምፖል 2,856። የሁለቱ ክሮች 31 ቁጥሮች ካሉ፣ አርጊል ሲኤምኤስ የሚባለው ነፃ የፕሮግራም ስብስብ በየትኛው መብራት ምን እንደሚመስሉ አስልቶ ይነግርሃል፤ ድሩ ሳይደራ፣ ማጉ ሳይገባ።

አንድ ተማሪ ደግሞ ፈተነኝ። «ልዩነቱን በቁጥር ንገረኝ እስቲ!»

በደስታ። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ላብ የሚባል መለኪያ ለእያንዳንዱ ቀለም ሦስት ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያው ከ0 ጥቁር እስከ 100 ነጭ ነው። ሁለተኛው ሲቀንስ ወደ አረንጓዴ፣ ሲጨምር ወደ ቀይ ይሄዳል። ሦስተኛው ሲቀንስ ወደ ሰማያዊ፣ ሲጨምር ወደ ቢጫ ይሄዳል። ያዘዝከው አረንጓዴ 50፣ −50፣ 38 ይሁን። የመጣልህ 52፣ −48፣ 37 ነው። ልዩነታቸው 2፣ 2 እና 1። እያንዳንዱን በራሱ አባዛ፦ 4፣ 4 እና 1። ድምሩ 9፣ ካሬ ሥሩ 3። ይህ 3 ዴልታ ኢ ይባላል። ወደ 1 የቀረበውን አብዛኛው ዓይን አይለየውም፤ 3ን ጎን ለጎን ብታስቀምጠው ትለየዋለህ፣ ለየብቻ ብታየው ግን ላታስተውለው ትችላለህ። የ1976ቱ ስሌት ደማቅ ቀለሞች ላይ ልዩነቱን ስለሚያጋንን፣ ዛሬ ጥሩ ፕሮግራሞች ሲአይኢዲኢ 2000 የሚባለውን የታረመ ስሌት ይጠቀማሉ። ስትጠቅስ በየትኛው እንዳሰላህ ተናገር።

«ይህን ያወጡት ፈረንጆች ናቸው። የኛ ዓይን መች ተጠየቀ?» አለኝ።

አልተጠየቀም። ላብ የቆመበት የ1931ዱ የኮሚሽኑ መለኪያ መሠረት ራይትና ጊልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር በጠቅላላው በ17 ሰዎች ዓይን ላይ ያደረጉት ሙከራ ነው። 17 ሰው ትንሽ ነው፤ ቢበዛና ከየአገሩ ቢሆን እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሜትርም ፈረንሳይ ነው የተወለደው፤ ሽሮ ሜዳ ጨርቅ ስትገዛ ግን በሜትር ነው የምታስለካው። መለኪያ የሚጠቅመው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ነገር ላይ እንዲስማሙ ነው። የኛን ዓይን መጨመር የሚፈልግ ደግሞ ክርክሩን ትቶ ይለካ፤ የጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ እዚሁ ነው፣ ሸማኔውም እዚሁ ነው።

የመጨረሻው ተከራካሪ ባንዲራ ሰፊ ነው። «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አለቀ!» አለኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመሀል፣ ቀዩ ከታች፣ ሦስቱም እኩል ሆነው አግድም ይቀመጡ ይላል። የቱ አረንጓዴ እንደሆነ ግን እዚያ ላይ አልተጻፈም። በየዓመቱ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ለጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሰኞ፣ ከአምስት ሱቅ የገዛሃቸውን አምስት ባንዲራዎች አንድ ግቢ ውስጥ ስትሰቅል አምስት አረንጓዴ ታያለህ። አገሩን የሚወድ ሰፊ ቁጥር ይዞ ጨርቅ ይግዛ።

አንባቢዬ፣ ባነርም አሳትም፣ ታክሲም አስቀባ፣ የሰርግ ልብስም እዘዝ፣ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር ደረሰኙ ላይ አስጽፍ፦ የቀለሙን ሦስት የላብ ቁጥሮች፣ የተለካበትን ብርሃን፣ የምትታገሠውን ዴልታ ኢ። ባለሱቁ መለካት ካልቻለ ሁለታችሁም የፈረማችሁበትን ቁራጭ ናሙና ለየራሳችሁ ያዙ። ይህንንም እምቢ ካለህ ቀብድህን ይዘህ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሂድ።