ስለ ስሪንቃ ሕክምና ለአጎቴ የተጻፈ ደብዳቤ

ዋሽንግተን፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ፤
መርሳ፣ ሀብሩ።

 

«ልጃችን ባሕር ተሻግሮ፣ ለቤታችን ጣራ የቆርቆሮ መግዣ አጣሁ እያለ፣ ዶላሩን ለድመት ሐኪም ይበትናል» የሚል ወሬ ከወልዲያ ተነሥቶ መርሳ እስኪደርስ በየቡናው ላይ ሲጨመርበትና ሲባዛ ቆይቶ እርስዎ ዘንድ እንደ ገባ፣ በስልክ ከሰጡኝ አጭርና ብርቱ ተግሣጽ ተረድቻለሁ። የስልክ መልስ ኔትወርኩ ሲጠፋ እመካከሉ ላይ እየተቆረጠ ጥፋተኛ የሚያስመስል ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ በጽሑፍ ላስረዳዎ ወድጃለሁ። ስንት እንደ ከፈልሁ ግን አልጽፍም፤ ፖስታ በመንገድ ሊከፈት ይችላልና።

ድመቲቱ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት፣ ፊቷን ለሰው ሳታሳይ የኖረች ባሕታዊት ነበረች። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቆርጧል። ይህን ሲሰሙ ስለ ጭካኔያቸው ከመፍረድዎ በፊት ይታገሡኝ፤ በዚህ አገር ባለቤት የሌላትን ድመት በወጥመድ ይዘው፣ እንዳትወልድ አምክነውና ከትበው ወደ ነበረችበት ሲመልሷት፣ ዳግመኛ በከንቱ እንዳትያዝ ብለው፣ በማደንዘዣ ተኝታ ሳለች የጆሮዋን ጫፍ ቆርጠው ምልክት ያደርጉባታል። ይህ ሥርዓት በአሜሪካ እንዲስፋፋ ካደረጉት ማኅበራት አንዱ፣ አሊ ካት አላይስ የሚባለው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር (ከእንግዲህም «ዓ.ም.» ያልተጻፈበትን ዓመት ሁሉ በዚሁ ያንብቡልኝ) በ1990 የተመሠረተው እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ፣ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር በአንድ ጓሮ ተሰብስበው በተገኙ ድመቶች ምክንያት ነው። ይህ ሰፈር ደግሞ ደርግን ሸሽተው የመጡት ያገራችን ሰዎች ቀድመው የሰፈሩበትና የእንጀራ ምግብ ቤቶቻቸውን በረድፍ የከፈቱበት ስለሆነ፣ ለድመቶቹ መሰብሰብ የጥብሳችን መዓዛ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ማስረጃ ግን አላቀርብም።

የከተማው ሰዎች በዚህ ብቻ አላበቁም። ከ2018 እስከ 2021 ድረስ፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ዶላር መድበው፣ በየጓሮው ካሜራ ተክለውና ቤት ለቤት ጠይቀው የዋሽንግተንን ድመቶች ቢቆጥሩ ወደ 200,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። እኛ በ1999 ዓ.ም. ከተቆጠርን ወዲህ፣ ቀጣዩ የሕዝብ ቆጠራ ቀን እየተቆረጠለት እየተላለፈ እስከ ዛሬ መቆየቱን ሳስብ፣ ድመቲቱን በልዩ አክብሮት መመልከት ጀመርሁ።

ስሟን ስሪንቃ ያልኋት በእርስዎ ምክንያት ነው። በወልዲያ ያለው ዘመዳችን እህሉን አይጥ በፈጀበት ዘመን፣ የመርሳይቱን ስመ ጥር አዳኝ ድመት በጆንያ ቋጥረው፣ በአባዱላ ተሳፍረው ሲወስዱለት፣ እመንገድ ላይ ጆንያውን ቀድዳ ወጥታ፣ በረዳቱ አናት ላይ ተሻግራ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ በየሃይማኖቱ ያስጸለየችውን ያስታውሳሉ። ሹፌሩ ሊገድላት ሲነሣ፣ ከኋላ የተቀመጡት ሼህ «ድመት ንጽሕት ናት፤ ነቢዩም ይራሩላት ነበር» ብለው ባይገሥጹት ኖሮ ነገሩ በደም ባበቃ ነበር። በመጨረሻም መኪናው ስሪንቃ ላይ ሲቆም በመስኮት ዘልላ ወደ ግብርና ምርምር ማዕከሉ ግቢ ገባችና በዚያው ቀረች። እርስዎም ሳይደነግጡ፣ «አቀንጭራ የሚቋቋመውን ማሽላ ልትመረምር ነው» ብለው መንገድዎን ቀጠሉ። ዛሬ ድመት ወደ ሐኪም እንዴት እንደምትወሰድ ባብራራልዎ፣ ያን ቀን በጆንያው ውስጥ ሆና ምን ታስብ እንደ ነበር ይገለጥልዎታል ብዬ ነው።

ሊቃውንቱ እንደሚሉት፣ የድመት ግልገል ሰውን ያለ ፍርሃት የምትለምደው በተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ያ ካለፈ በኋላ የምታገኘው ሰው፣ እንጀራ ሰጪም ቢሆን፣ በተጠርጣሪነት ይመዘገባል። ስለዚህ በብርድ ወራት ወደ ቤቴ ካስገባኋት በኋላ ለብዙ ጊዜ ከአልጋዬ ሥር አልወጣችም፤ እኔም አልጋው የማን እንደ ሆነ እስክረሳ ድረስ በቤቴ እንግዳ ሆኜ ኖርሁ። እሷን ለማግባባት የረዳኝ የእርስዎው አስተዳደግ ነው። ድመት ትኩር ብሎ የሚያያትን እንደ ጠላት ትቆጥራለች፤ በእንግሊዝ አገር የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ሰው ዓይኑን በዝግታ ከደን ገለጥ ሲያደርግላት እሷም ያንኑ እንደምትመልስና ወደ እርሱ መቅረብን እንደምትመርጥ አስረድተዋል። ፈረንጆቹ ይህን በጥናት ሲደርሱበት፣ እኔ በታላላቆች ፊት ዓይኔን ሰብሬ እንድቆም በአለንጋ ተምሬው ስለ ነበር፣ ጎረቤቴ ከድመቱ ጋር ለመግባባት ወር የፈጀበትን ነገር በጥቂት ቀን አከናወንሁት።

ኋላ ግን ጥርሷን ታመመች። ለሃጯ ይዝረበረብ፣ ምግቧንም እያየች ትተወው ጀመር። በዚያ ላይ የከተማው ሕግ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንድትከተብ ያዝዛል። ለሐኪም ቤቱ ስደውል፣ ጽሕፈት ቤት ያለችው ሴት ወዲያው አምጣት ትለኛለች ስል፣ በአባ ነፍስ ድምፅ ምክር ትሰጠኝ ጀመር። በመጀመሪያ ድመት የሚያዝበትን የፕላስቲክ ሳጥን፣ ክዳኑን አውልቄ፣ ሳሎን ውስጥ እንደ ዘበት እንዳስቀምጠው፤ ምግቧን በአጠገቡ፣ ከዚያም በውስጡ እንዳደርግላት፤ ስትለምደው ክዳኑን፣ ያንንም ስትለምድ በሩን እንድጨምር፤ ከሥሩም የእኔ ጠረን ያለበትን ጨርቅ እንዳነጥፍ አዘዘችኝ። በቤቴ ከሁሉ ይልቅ ጠረኔ ያለበት ጨርቅ እናቴ ፈትላ አሠርታ የላከችልኝ ጋቢ ነው። ደብዳቤውን ለእናቴ ሲያነቡላት ይህን ዐረፍተ ነገር እንዲዘልሉት እለምንዎታለሁ።

ሁለተኛው ትእዛዝ መድኃኒት ነበር። ጋባፔንቲን ይሉታል፤ ለሰው ሲሆን ለሚጥል በሽታና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዝ ነው። ለድመት ደግሞ ከቤት ከመውጣቷ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ሲሰጣት ፍርሃቷን ያበርድላታል። ዱቄቱ መራራ በመሆኑ በቱና ዓሣ መለወስ ነበረብኝ፤ ይህም በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለ ዋለ፣ ከጎሕ በፊት በባዶ ሆዴ ዓሣ ሳሸት የነበረብኝን ፈተና ለመሪጌታ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጣቴን አልላስሁም። ስሪንቃ ግን ጾም ሳታከብር ጨርሳ በላችው፤ ጥቂት ቆይታም ከሌሊት ማኅሌት እንደ ወጣ ዲያቆን እየተንገዳገደች ወደ ሳጥኑ ሄዳ፣ በጋቢዬ ላይ በገዛ ፈቃዷ ተኛች። በሳጥኑ ላይ ደግሞ ድመት ጉንጯን ስታሻሽ የምትተወውን ጠረን አስመስለው የሠሩትን ፈሳሽ ቀድሜ ረጭቼ ነበር። ይህ በሰው አፍንጫ የማይታወቅ፣ በእሷ ዘንድ ግን «ይህ ስፍራ ሰላም ነው» የሚል ማዕጠንት ነው። በመጨረሻ ሳጥኑን በፎጣ ሸፍኜ ወጣሁ።

ሐኪም ቤቱ ውሾች የማይገቡበት ለድመቶች የተለየ ክፍል አለው። የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ለዚህ ዓይነቱ አቀባበል ደንብ አውጥቶ፣ ደንቡን ለሚጠብቁ ሐኪም ቤቶች ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሐኪሟ ድመቲቱን ጎትታ አላወጣችም፤ የሳጥኑን ክዳን አንሥታ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ በፎጣው ሥር እጇን አስገብታ፣ ልቧንም ድዷንም እዚያው በተኛችበት መረመረቻት። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ የሀብሩ የከብት ሐኪም ነው፤ ጎልማሶች በሬውን በጠፍር ጠልፈው እስኪጥሉለት መርፌውን በጥርሱ ነክሶ የሚጠብቀው፣ ቀበሌ ከቀበሌ በእግሩ የሚሄደው። በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው ደስታ የሚባለው የከብት ቸነፈር፣ በእንዲህ ያሉ ሰዎች ክንድ እንጂ በጉንጭ ጠረን አልጠፋም። ይህንን ለሐኪሟ ብነግራት እንባ ቀረሽ ሆነች፤ ነገር ግን ዋጋ አልቀነሰችም።

መዝገብ ስንሞላ የድመቲቱ ዘር ተጠየቅሁ። ከኢትዮጵያ እንደ መጣሁ የሰማው ረዳት «አቢሲንያን ናት?» አለኝ። ለካስ በአገራችን ስም የምትጠራ፣ በውድ የምትሸጥ የድመት ዘር አለች። እንደሚተርኩት፣ የመጀመሪያይቱ ድመት ዙላ ተብላ፣ በ1868 በመቅደላ ዘመቻ ፍጻሜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ አገራቸው ተሻግራለች፤ ዘረ መል መርማሪዎች ግን የዘሩ መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያዘነብላል ይላሉ። የዐፄ ቴዎድሮስን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ጭነው ካወረዱ በኋላ፣ ያልወሰዱብንን ድመት ወሰድን ብለው ማውራታቸው አስገረመኝ። ለረዳቱ ግን የነገርሁት፣ ስሪንቃ የዋሽንግተን ተወላጅ መሆኗንና በዚያ ክፍል ውስጥ አቢሲንያዊ ቢኖር እኔ ብቻ መሆኔን ነው።

አሁን የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። በዚህ አገር ድመት የባለቤቷን የቤተሰብ ስም ወርሳ ትመዘገባለች። የእኔ የቤተሰብ ስም የአባቴ፣ የወንድምዎ፣ ስም ስለሆነ፣ ሴትዮዋ ተራችን ሲደርስ በሰው ሁሉ ፊት «ስሪንካ» ብላ የአባቴን ስም አስከትላ ጠራቻት። በመዝገቡ መሠረት እንግዲህ እኅቴ ናት፤ ለእርስዎም የወንድም ልጅ ትሆናለች። የርስት ክርክር እንደማታነሣ አረጋግጣለሁ፤ የቆርቆሮውንም ገንዘብ ለመስቀል እልካለሁ።

በቅጹ መጨረሻ ግን «ባለቤቱ ባይገኝ የሚጠራ የቅርብ ዘመድ» የሚል ቦታ ስለ ነበር፣ የእርስዎን ስልክ ጽፌበታለሁ። የዚህ አገር ከሰዓት በኋላ የእናንተ ሌሊት ስለሆነ፣ ምናልባት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ስለ ስሪንቃ ጥርስ ብትጠይቅዎ፣ በማስተዋል ያዳምጧት፤ ይባርኳትም፤ ነገር ግን «የስ» የምትለዋን ቃል ከአፍዎ አያውጡ፣ ጥርሱን ለመንቀልና ሒሳቡን በእኔ ላይ ለመጻፍ የምትጠብቀው እሷን ብቻ ነውና።

ታዛዥ ልጅዎ