የጣሊያን ቁልፍ

መርካቶ ውስጥ የበር ቁልፍ ሁሉ የጣሊያን ነው። ሻጩ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የምርት አገር በአውራ ጣቱ ከልሎ «ኦሪጅናል ነው፣ አባቴ!» ካለ አለቀ፤ ገዢውም የሚመረምረው የእጀታውን ወርቃማነት ነው። የበሩ ውፍረት ስንት እንደሆነ የለካ የለም። ሲሊንደሩ 60 ይሁን 70 ሚሊሜትር ማን ገዶት! ረዝሞ ከበሩ ወጣ ካለም ለሌባው ፒንሳ ጥሩ መያዣ ይሆነዋል፤ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ አይደለን?

ከዚያ አናጢው ይመጣል። ካቻቪቴ አይጠፋውም፣ ኪሱ ውስጥ አለ፣ ለክብር ያህል። የማጠፊያውን ብሎን የሚያስገባው ግን በመዶሻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ብሎኑ ጥርስ እንዳለው ላለመካድ አንዴ ዞር ያደርገዋል። ለከባዱ በር ሦስት ማጠፊያ ተገዝቶ ሁለቱ ይመታሉ፤ ሦስተኛው የት ገባ አይባልም። በሩ በሳምንቱ ዘምሞ ወለሉን መፋቅ ሲጀምር ጥፋቱ የእንጨቱ ነው፦ «ክረምት አይደል ጋሼ፣ ውሃ ጠጥቶ ነው።»

መስኮቱስ? ለእሱ የተረፈ ብር የለም። በሩ በወርቃማው ቁልፍ ሁለት ዙር ተቆልፎ፣ መስኮቱ በሽቦ ታስሮ ያድራል። ቁልፉም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ለሠራተኛዋ ተብሎ ከአበባው ቆርቆሮ ሥር ይቀመጣል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።