የቤቴ ገንዘብ ሚኒስትር

የቤታችንን ዕዳ ከቀነ ገደቡ በፊት ከፍለን ጨርሰናል። "ጨርሰናል" የምለው ባለቤቴ አጠገቤ ካለች ነው። ከሌለች "ጨርሻለሁ" እላለሁ። ሰው "እንዴት ቻልከው?" ሲለኝ መጀመሪያ ዝም እላለሁ። ከዚያ አንገቴን ቀና አድርጌ "በጀት" እላለሁ፣ ሌላ ቃል አልጨምርም። ጠያቂው የተማረ ከመሰለኝ ብቻ "የበጀት ዲሲፕሊን" እላለሁ።

ጅሩ፣ እነዋሪ ከተማ የምኖር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የመንግሥትን ገንዘብ ከርዕስ ወደ ርዕስ ሳዛውር እውላለሁ፤ አንድ ሳንቲም አይጎድልብኝም። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ጠዋት ኪሴ የነበረው መቶ ብር የት እንደገባ ተጠይቄ አንድም ቀን በቂ ማብራሪያ ሰጥቼ አላውቅም።

ብድሩ 200,000 ብር ነበር፤ ወለዱ 15 በመቶ፣ ጊዜው ዐሥር ዓመት፣ ዋስትናው ደመወዜ። ደመወዜ ብቻውን ስላልታመነ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም ፈረሙልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ ካሳለኝ ከእናቴ ቀድመው የሚደነግጡት እነሱ ናቸው።

የጅሩን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። ለስንዴ፣ ለጤፍ፣ ለምስር የሚሆን ሀብት ነው፤ ቤት ልሥራበት ላለ ግን ጉድ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳም አብሮት ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሠረቱ በጥልቀት ተቆፍሮ በድንጋይ መሞላት አለበት። ግንበኛው ይህን አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዕቅዱን ሳወጣ የመሠረቱን ወጪ "ልዩ ልዩ" የሚል ርዕስ ሥር አስገብቼዋለሁ። ከብድሩ ውስጥ ትልቁን "ልዩ ልዩ" በላው። የተቀበረ ገንዘብ ለእንግዳ አይታይም፤ ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወለሉን በእግሬ እየመታሁ ስለ መሠረቱ አስረዳለሁ።

መሠረቱ ሲያልቅ ስለ ሞርጌጅ እቀጥላለሁ። በንጉሡ ዘመን ለቤት የሚያበድሩ ሁለት ተቋማት እንደነበሩ፣ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ተጣምረው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ እንደተባሉ፣ እሱም ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆኖ ቆይቶ በ2008 ንግድ ባንክ ውስጥ እንደተዋሐደ እተነትናለሁ። አዲስ አበባ ያለው የባለቤቴ ወንድም የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ሃያውን ከቁጠባው፣ ሰማንያውን ከባንክ ብድር እንደከፈለም እጨምራለሁ። እዚህ ስደርስ ቆሎው ያልቃል፣ እንግዳውም ይነሣል። የእኔ ብድር ግን ሞርጌጅ የሚባለው ዓይነት እንዳልሆነ፣ ደመወዝ አስይዤ እንደተበደርኩ ሳይሰማ ይሄዳል።

ወለድ ግን አውቃለሁ። ይቺን እንኳ አትንፈጉኝ። በየወሩ የምንከፍለው 3,227 ብር ነበር። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 2,500ው ወለድ ነው፤ ዋናው ዕዳ ላይ የምታርፈው 727 ብር ብቻ ናት። ዐሥሩን ዓመት እንደተጻፈልን ብንጓዝ 200,000 የተበደርነውን 387,000 ገደማ አድርገን እንመልሳለን። በየወሩ 500 ብር ብንጨምር ግን ጭማሪው በቀጥታ ዋናውን ዕዳ ይቀንሳል፤ ወለዱ በቀረው ላይ ብቻ ስለሚታሰብም ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቀድመን እንጨርሳለን፣ 54,000 ብር ገደማም ይተርፈናል። ይህን ሁሉ የሚያሳይ ባለ 120 ረድፍ ሠንጠረዥ በቀለም አሳትሜ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ።

ታናሹ ልጄ ቆሞ አየው። "አባዬ፣ የማን ውጤት ነው?"

"የእኔ" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ስንተኛ ወጣህ?"

አምስት መቶዋ ከየት ትምጣ? እዚህ ላይ ነው በጀት የሚያስፈልገው። የቤታችን በጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንዲጀምር ወሰንኩ፤ የመንግሥትስ የሚጀምረው ያኔ አይደል? የወጪ ርዕሶቹንም ከነመለያ ቁጥራቸው ከመሥሪያ ቤት አመጣኋቸው፦ 6231 ውሎ አበል፣ 6233 መስተንግዶ። ሽንኩርት ሲያልቅ በሞዴል 20 እንዲጠየቅ ሐሳብ አቀረብኩ። ባለቤቴ ሽንኩርት የሌለው ወጥ አቀረበች። ሐሳቤን አነሣሁ።

ቅነሳው ግን ቀጠለ። ቅቤ በግማሽ ተቀነሰ። ቡና ቶና ላይ እንዲቆም፣ በረካ እንዲቀር ተወሰነ። የልጆቹ የፋሲካ ልብስ ወደ እንቁጣጣሽ ተዛወረ። የባለቤቴ የሞባይል ካርድም ተቀነሰ፤ "እህትሽን በአካል ብትጠይቂያት ፍቅር ይጨምራል" ብዬ አስረዳኋት። እህቷ ያለችው ደሴ ነው።

6233 አልተነካችም። መስተንግዶ ማለት ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ጓደኞቼ የምንጠጣው ጃምቦና የምንበላው ጥብስ ነው። ደብተሩ ግርጌ ላይ "ለሥራ ግንኙነት አስፈላጊ" የሚል ማብራሪያ ጽፌላታለሁ። "ጅሩ ተቀምጦ ሥጋ መቀነስ የአገርን ስም ማጉደፍ ነው" የሚል ሁለተኛ ማብራሪያም አለ፤ እሱን የጻፍኩት ከጃምቦው በኋላ ነው። የሚገርመው ከተቆረጠው ሁሉ ውስጥ አንድም የእኔ የሚባል ወጪ አልነበረም። ያኔ ግን አልገረመኝም፤ በጀቱ ሳይንሳዊ ስለመሰለኝ።

ቀጥሎ ጳጉሜ መጣች። ዓመቱን በ12 አካፍዬ ነበር፤ ደመወዝ 12 ነዋ። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ እየተባለለት ባደገ ሰው ጳጉሜ ትረሳለች? ትረሳለች። ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፤ ሆድ ግን አላት። ከኋላዋም እንቁጣጣሽን ከነዶሮው፣ ትምህርት ቤትን ከነደብተሩና ከነዩኒፎርሙ አስከትላ ነው የምትመጣው። "መጠባበቂያ" የሚል ርዕስ ነበረኝ፤ ነገር ግን ነሐሴ ላይ ወደ 6233 ተዛውሯል። እነዚያን ቀናት ባለቤቴ ከየት አምጥታ እንዳበላችን አልጠየቅኩም። ደንበኛ ሒሳብ ሠራተኛ የማይጠይቀውን ያውቃል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ቀን ስትሆንማ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ዘመን አቆጣጠሩ አዞርኩት።

ሰኔ መጨረሻ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተረፈ በጀት ወደ ካዝና ከሚመለስ ምንጣፍ ይገዛበታል። አንድ ሰኔ የቤቴን ደብተር ስዘጋ፣ በተአምር ይሁን በስሌት ስሕተት፣ ገንዘብ ተርፎ አገኘሁ። ለዕዳው መግባት ነበረበት፤ ሠንጠረዡም ከግድግዳው ላይ እያየኝ ነበር። እጄ ግን የለመደውን ሠራ። ደብረ ብርሃን ለሥራ ሄጄ ጫማ ገዝቼ ተመለስኩ። ቡናማ፣ አፍንጫው ሹል፣ ሶሉ ስስ ቆዳ። የገዛሁት ክረምት መግቢያ ላይ መሆኑን አስተውሉልኝ። በሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት ጥቁሩ አፈር አንዱን ጫማ ከእግሬ አውልቆ አስቀረው፤ ቤቴ የደረስኩት በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ነው።

"ከየትኛው ርዕስ ነው የተገዛው?" አለች ባለቤቴ።

"ከደንብ ልብስ።"

"የየትኛው መሥሪያ ቤት?"

ይህ ሁሉ ሲሆን እሷ ዕቁብ እየጣለች ነበር። ዕጣዋ ሲወጣ እርሻ የጨረሰ፣ ጎድን አጥንቱ የሚቆጠር በሬ ገዝታ ጓሮ አሰረች። ጅሩ በሰንጋው የታወቀ አገር ነው። የኛ አገር በሬ አርሶ አርሶ፣ ከዚያ ተቀልቦ፣ ለበዓል አዲስ አበባ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ስሙን እየጠራ ይሸጠዋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ለእንግዳም እተርካለሁ። ጓሮዬ ውስጥ ሲታሰር ግን "በጀት ያልተያዘለት እንስሳ" ብዬ ተቃወምኩ። ሊሞት እንደሚችል፣ ሊሰረቅ እንደሚችል፣ ገበያ ሊወድቅ እንደሚችል ዘረዘርኩ። ባለቤቴ ጭዱን እየነሰነሰች ጨርሳ ሰማችኝ። ስትጨርስ "ውኃ አቀብለኝ" አለች።

ተቃውሞዬ ሰሚ ሲያጣ ወደ ወጪ ቁጥጥር ገባሁ። የባቄላ ገለባውን፣ ፉርሽካውን፣ ጓያውን፣ ፋጉሎውን በቀን አስልቼ መኖው በ20 በመቶ እንዲቀነስ በጽሑፍ አቀረብኩ። ሰንጋ ለማደለብ መኖ ለመቀነስ ያሰበ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። ባለቤቴ ወረቀቱን አነበበችና "ለእሱ ንገረው" አለችኝ። ሄድኩ። በሬው ቀና ብሎ አየኝ። ተመለስኩ።

ለፋሲካ ሰሞን ነጋዴ መጣ። በሬው ያኔ በር የሚሞላ ሆኖ ነበር። መግዣውና መኖው ተቀንሶ 25,000 ብር ተረፈ። ብሩ ዋናው ዕዳ ላይ ሲገባ ከሠንጠረዤ ላይ ከሁለት ዓመት የሚበልጥ ረድፍ በአንድ ቀን ጠፋ፤ መጀመሪያ ላይ ከየወሩ ክፍያ ወደ ዋናው የሚሄደው ትንሽ ስለሆነ ለዋናው የገባ ጥቂት ብር ብዙ ወር ይሰርዛል። ይህን ለባለቤቴ በዝርዝር አስረዳኋት። መስመሮቹን በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩትም እኔ ነኝ። እየሰረዝኩ ጎረቤት እንዲገባ በሩን ገርበብ አድርጌው ነበር።

የሁለተኛውን በሬ ትርፍ "እኔ ላስገባው" ብዬ ተቀበልኳት። አስገባሁትም፤ ዕዳው ላይ ሳይሆን ቁጠባ ደብተሬ ላይ። ምን ላድርግ፣ ዕዳ ሲቀነስ የሚታይ ነገር የለውም፤ ቁጠባ ግን ቁጥሩ ያድጋል፣ ገንዘብ ከፋይዋም "አቤት፣ ቆጣቢ" ትላለች። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ባወጣው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ልክ 7 በመቶ ታሰበልኝ። 20,000 ብር በዓመት 1,400 ብር ወለደችልኝ። ያቺው 20,000 ዕዳው ላይ ሳትገባ በመቅረቷ 3,000 ብር አስከፈለችኝ። እኔ ደብተሩን ከፍቼ 1,400ዋን እያየሁ ማታ ማታ እረካ ነበር። አንድ ምሽት ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ አየችና ቀስ ብላ ጠየቀች።

"ከሰባትና ከዐሥራ አምስት የቱ ይበልጣል?"

መልስ እያሰብኩ ሳለ ታናሹ ልጃችን ከአልጋው ላይ "ዐሥራ አምስት!" ብሎ ጮኸ። በማግስቱ ገንዘቡ ወደ ዕዳው ሄደ።

ከዚያ በኋላ በሬ በበሬ ተተካ፣ ረድፍም በረድፍ ላይ ተሰረዘ፣ ዕዳውም አለቀ። የማጠናቀቂያው ደብዳቤ የተጻፈው በእኔ ስም ነው። ዋሶቼ እጄን ጨብጠው እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብስል ዞር ብለው አያዩኝም።

አንድ ቅዳሜ ለብቻዬ ኦዲት አደረግኩ። በጀቱ በነዚያ ዓመታት ያስገኘውን ደመርኩ። ጫማውን፣ ወደ 6233 የተዛወረውን መጠባበቂያ፣ ቁጠባ ደብተሩ ያስከሰረንን ቀነስኩ። ውጤቱ ደብተሩ የተገዛበትን ዋጋ እንኳ አልሸፈነም። የኦዲት ግኝቱን ለሚመለከተው ክፍል አላቀረብኩም።

ሰሞኑን ታዲያ በቤተሰብ በጀት ላይ ልምድ እንዳካፍል ተጋበዝኩ። እሺ አልኩ። ስላይድ አዘጋጅቻለሁ፤ ሠንጠረዡ አለበት፣ የ500 ብሯ ስሌት አለች፣ "ዲሲፕሊን" የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ገብቷል። በሬዎቹ መጨረሻው አካባቢ "ልዩ ልዩ ገቢ" በሚለው ሥር ይገኛሉ።

ባለቤቴ አንድ በአንድ አየችውና ምንም አላለችም። ዘግታ ስትመልስልኝ ብቻ "አበል አለው?" አለች።

"አለው።"

"እንግዲያው ሂድ። ፋጉሎ ጨምሯል።"