ዜማንና ግጥምን ቀድሞ ላመለከተ ለመስጠት የወጣ አዋጅ

የቬኒስ ሪፐብሊክ ሴኔት፣

በ1469 ዓ.ም. (በዚህ አዋጅ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዮሐንስ ዘስፓየር የተባለው ጀርመናዊ የህትመትን ሙያ ወደ ከተማይቱ አምጥቶ፣ በግዛቷ ውስጥ ከእርሱ በቀር ማንም መጽሐፍ እንዳያትም የአምስት ዓመት ልዩ መብት ቢሰጠውም፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በመሞቱና ሞትም የመንግሥትን ማኅተም የማያከብር ሆኖ በመገኘቱ፤

ከዚያ ወዲህ አታሚዎች በከተማይቱ እንደ አሸን በመፍላታቸውና የጎረቤትን መጽሐፍ ገልብጦ አትሞ መሸጥ ከስርቆት ሳይሆን ከጉርብትና ወግ መቆጠር በመጀመሩ፤

አመልካች ሁሉ የጠየቀውን መስጠት ጥያቄውን ከመመርመር ይልቅ እንደሚቀል ከረጅም ልምድ በመረጋገጡ፤

የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «ልዩ መብት» ማለት አንድ አታሚ አንድን መጽሐፍ ወይም አንድን የህትመት ስልት ለተወሰኑ ዓመታት ለብቻው እንዲይዝ፣ ሌላው ቢነካው ያተመው እንዲወረስበትና መቀጫ እንዲከፍል የሚያዝ የመንግሥት ፈቃድ ነው። «ባለመብት» ማለት ማመልከቻውን ቀድሞ ያስገባ ሰው ሲሆን፣ ግጥሙን የገጠመውን ወይም ዜማውን የደረሰውን ሰው አይጨምርም፤ ሆኖም ገጣሚው ራሱ ቀድሞ ካመለከተ፣ ሉዶቪኮ አሪዮስቶ «ኦርላንዶ ፉሪዮሶ» የተባለውን ረጅም ግጥሙን በ1516 በፌራራ ከማሳተሙ አስቀድሞ እንዳደረገው፣ ገጣሚ መሆኑ እንደ ጥፋት አይቆጠርበትም።

አንቀጽ 2፦ ስለ ዜማ

የፎሶምብሮኔው ሰው ኦታቪያኖ ፔትሩቺ በ1498 ባቀረበው ማመልከቻ፣ ብዙ ድምፆች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው በአንድነት የሚዘመሩበትን ዜማ በኖታ ማተም ሌሎች ፈልገው ያጡት ጥበብ መሆኑንና እርሱ ግን እንዳገኘው በመግለጹ፣ ይህንኑ ዜማ፣ እንዲሁም የኦርጋንና ሉት የተባለውን ባለክር መሣሪያ ታብላቱራ፣ ማለትም ተጫዋቹ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ በፊደልና በቁጥር የሚያመለክተውን ጽሑፍ፣ ለሃያ ዓመት ለብቻው እንዲያትም ተፈቅዶለታል። የመጀመሪያው መጽሐፉ «ሃርሞኒቼ ሙዚቼስ ኦዴካቶን» የወጣው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በ1501 ነው፤ ለዚህም ፍርድ ሊጓደልበት አይገባም፣ አንዱ ወረቀት መስመሩን፣ ኖታውንና ቃሉን በየተራ ለመቀበል ከአንድ ጊዜ በላይ በማተሚያው ሥር ስለሚያልፍና ኖታው በፀጉር ስፋት እንኳ ከመስመሩ ቢንሸራተት ዘማሪው ያልታሰበ ድምፅ ስለሚያወጣ። መጽሐፉ በስሙ መቶ ዜማ ብሎ በውስጡ 96 ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ የጎደሉት አራት ዜማዎች ከሌሎቹ እኩል በልዩ መብቱ የተጠበቁ ናቸው፤ ማንም እንዳያትማቸው።

ጆስካን ደ ፕሬ የደረሳቸው ቅዳሴዎች በ1502፣ ደራሲው በሕይወት ሳለ፣ በዚሁ ማተሚያ ታትመዋል። አዋጁ የሚጠብቀው የፔትሩቺን ድካም ሲሆን፣ የጆስካን ዋጋ በሰማይ ነው።

አንቀጽ 3፦ ያልታተመን ስለ መጠበቅ

ፔትሩቺ የኦርጋን ታብላቱራን መብት በቬኒስ ሲይዝ፣ በ1513 ደግሞ ከፓፓ ሊዮን 10ኛ ሲቀበል ኖሮ አንድም የኦርጋን መጽሐፍ ሳያትም በመቆየቱ፣ ፓፓው በ1516 መብቱን ነጥቀው ገጾቹን በእንጨት ላይ እየቀረጸ ለሚያትመው ለአንድርያ አንቲኮ ሰጥተውታል፤ እርሱም ወዲያው በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፉን አውጥቷል። ሴኔቱ ይህን የሮምን ችኮላ በጥብቅ ይነቅፋል። ያልታተመን መጽሐፍ ገልብጦ ማተም ስለማይቻል፣ መብትን ይዞ አለመጠቀም ከጥበቃዎች ሁሉ የላቀው ጥበቃ መሆኑ ታውቆ፣ አትመው የተገኙ ባለመብቶች ስለ ድርጊታቸው በጽሑፍ ማስረዳት ይኖርባቸዋል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ግጥም

አልዶ ማኑዚዮ በ1501 የቨርጂልንና የፔትራርካን ግጥሞች በእጅ በሚያዝ አነስተኛ መጠንና ዘመም ባለ አዲስ ፊደል ባተመ ጊዜ፣ ፊደሉን ማንም እንዳይቀዳበት መብት ተሰጥቶታል። ሁለቱ ገጣሚዎች የማመልከቻው ጊዜ አልፎባቸዋል። የቬኒስ ልዩ መብት ከቬኒስ ግዛት ድንበር ላይ የሚቆም በመሆኑ ግን፣ የሊዮን ከተማ አታሚዎች ፊደሉንም መጽሐፉንም እየቀዱ ስሙን ሳይጠቅሱ መሸጥ ቀጠሉ፤ አልዶም በ1503 ገዢዎች እንዳይታለሉ ብሎ አስመስለው የታተሙት የሚለዩባቸውን ስህተቶች በዝርዝር አትሞ ቢበትን፣ ሊዮኖች ዝርዝሩን ተቀብለው ስህተቶቻቸውን አረሙበት። ስለዚህ አስመሳይን ለማጋለጥ ስህተቱን የሚዘረዝር አታሚ የእርማት ሠራተኛ ሆኖ ይቆጠራል፤ ደመወዙንም ራሱ ሊዮን ድረስ ሄዶ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

አንቀጽ 5፦ አዋጁ ስለማይመለከተው መጽሐፍ

የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ተምሮ በ1513 በዚያው ከተማ ያሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት፣ አሳታሚው ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ቢሰይመውም፣ ጥበቃ አያስፈልገውም፤ በቬኒስ ፊደሉን ቀርጾ የያዘ አታሚ ካለመኖሩ የበለጠ ጠባቂ አይገኝምና። ይሁን እንጂ ፊደሉ የሌለው አታሚ ማመልከት ቢፈልግ አንቀጽ 3 ይፈቅድለታል።

አንቀጽ 6፦ ስለ መቀጫ

ከአጥፊው የሚሰበሰበው መቀጫ ለከሳሹ፣ ለዳኛውና ለድሆች መጠጊያ ይከፋፈላል፤ ዜማውን ለደረሰው ሰው ግን የሚደርሰው ድርሻ የለም።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከጁላይ 31 ቀን 1517 ጀምሮ የጸና ይሆናል። በማግስቱ ኦገስት 1 ቀን ሴኔቱ ከዚያ በፊት ለመጻሕፍት የሰጣቸውን ልዩ መብቶች በሙሉ ሽሮ፣ ከእንግዲህ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለአዲስ ሥራ ብቻ እንዲሰጥ ስለሚወስን፣ ባለመብቶች መብታቸውን እስከ ማታ ድረስ ተጠቅመው እንዲጨርሱ ታዘዋል፤ አሮጌ ሥራ ይዘው በአዲስ ስም ማመልከት ለሚሹም ሽፋኑ ላይ «በጥንቃቄ ታርሞ የቀረበ» የሚል ቢጨምሩ ማመልከቻቸው ተቀባይነት ያገኛል።