የምክክር መድረክ፦ አዘገጃጀቱ፣ አካሄዱና ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ሀብት

የንግድ ምክር ቤት ነጋዴዎች ተሰባስበው የጋራ ጥቅማቸውን የሚያስጠብቁበት ማኅበር ነው። በዓለም የመጀመሪያው በፈረንሳይ፣ በማርሴይ ከተማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1599 ተቋቋመ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1939 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ቻርተር ተመሠረተ፤ ደርግም በራሱ አዋጅ እንደገና አዋቀረው። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 341/1995 ከከተማ ተነሥቶ፣ በክልል በኩል አልፎ፣ እስከ አገር አቀፉ ምክር ቤት የሚደርስ መሰላል ሠርቶለታል። በአዋጁ መሠረት ምክር ቤቱ በነጋዴውና በመንግሥት መካከል ድልድይ ነው። ድልድዩ በዓመት አንድ ቀን፣ በጀት ከተረፈ ሁለት ቀን፣ የምክክር መድረክ ተብሎ ይዘረጋል። በቀሩት ቀናት የት እንደሚቀመጥ አዋጁ አይገልጽም።

ምክክሩ በአገር ደረጃ ወግ የያዘው በ2002 ዓ.ም. መንግሥትና የኢትዮጵያ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የግሉ ዘርፍ ችግሩን በጥናት አስደግፎ ያቀርባል፤ መንግሥት ይመልሳል። ልምዱ ከአዲስ አበባ ወደ ክልልና ወደ ዞን ከተሞች ሲወርድ ማቅረቡ በሰላም ደርሷል፤ መመለሱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

የመድረኩ ወቅት ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብም ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ መድረኩን አብረው በሚያዘጋጁት መሥሪያ ቤቶች ዘንድ የመመካከር ፍላጎት በእነዚህ ሳምንታት ድንገት ይበረታል። ወቅቱ ለነጋዴውም የተመቸ ነው። ስለ ግብር ያነሣው ጥያቄ ገና ሳይቀዘቅዝ ሐምሌ 1 የግብር መክፈያው ጊዜ ይገባል፤ መልሱንም በግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ላይ በአኃዝ ተጽፎ ያገኘዋል።

ሆሳዕና ለዚህ ሥራ የታደለች ከተማ ናት። የሀዲያ ዞን ዋና ከተማነቷ ሳያንስ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። የክልሉ ቢሮዎች ግን ሆሳዕና ላይ ብቻ አልተከማቹም፤ ወልቂጤ፣ ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ዱራሜና ሃላባ ቁሊቶም ድርሻቸው ደርሷቸዋል። ሁለት ቢሮ የሚነካ ጉዳይ የያዘ የሾኔ ወይም የሺንሺቾ ነጋዴ አገሩን በደንብ ያያል። የመድረኩ ጸጋ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው፦ በዚያን ቀን ቢሮዎቹ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ይገኛሉ። ኃላፊዎቹ አስቸኳይ ስብሰባ ስለሚገጥማቸው የሚገኙት ተወካዮቻቸው ናቸው። ተወካይ የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ ዓርማ የታተመበት ማስታወሻ ደብተር ግን ተሰጥቶታል።

አጀንዳ መምረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጁ በአዲስ ተተክቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ሁለቱም የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴውን ኪስ በቀጥታ የሚነኩ ናቸው፤ ለመድረክ ግን ያስቸግራሉ፣ መልስ ይጠይቃሉና። «የግሉ ዘርፍ ሚና ለዘላቂ ልማት» የሚለው ርእስ ማንንም አያስቸግርም፤ ባነሩም ቀኑ ብቻ ተለጥፎበት ለከርሞ ያገለግላል።

ተሳታፊው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሱቁን ዘግቶ የመጣ ነጋዴ ሲሆን ቁጥሩ አይበዛም። ሁለተኛው ቋሚ ተሳታፊ ነው፤ ስለ ጤና ሲመከርም፣ ስለ ችግኝ ሲመከርም፣ ስለ ንግድ ሲመከርም የሚገኘው እርሱ ነው። አዳራሽ የሚሞላውና አበል የሚፈርመውም እርሱ ነው።

መርሐ ግብሩ ከጠዋቱ 2፡30 ይጀምራል ተብሎ 4 ሰዓት ይጀምራል። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመግቢያ ንግግር፣ የአጋር ድርጅት መልእክትና የመክፈቻ ንግግር በዚህ ቅደም ተከተል ይቀርባሉ። በአራቱም ንግግሮች የግሉ ዘርፍ የኢኮኖሚው ሞተር ነው። ሞተሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያዳምጣል። የክብር እንግዳው መድረኩን እንደከፈቱ ተደራራቢ ሥራ ስላለባቸው ይቅርታ ጠይቀው ይሄዳሉ፤ ያልሰሙትን ጥያቄ ለመመለስ ስለማይገደዱ የሥራ ጫናቸው ይቃለላል። ከዚያ ጥናታዊ ጽሑፍ በፓወር ፖይንት ይነበባል። ፊደሉ ደቃቅ በመሆኑ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ ያለ ሰው በእምነት ይከታተላል።

በሻይ ሰዓት ሁለት ነጋዴዎች ሲኒ ይዘው በር ላይ ይቆሙና በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ተነጋግረው የስንዴ ዋጋ ይቆርጣሉ፣ አይሱዙ ይከራያሉ። የዕለቱ ብቸኛ ውጤት ይህ ሲሆን በሪፖርቱ አይካተትም።

ከሻይ በኋላ የጥያቄና አስተያየት ክፍል ይከፈታል። የመድረኩ ዋና ምርት የሚመረተው በዚህ ሰዓት ስለሆነ በዝርዝር መታየት አለበት። ሰብሳቢው ጊዜ ማጠሩን ያስታውቃሉ፤ ጊዜውን ማን እንደጨረሰው አያነሡም። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። አሥር ጥያቄ ተከታትሎ ከተሰበሰበ በኋላ «ጥያቄዎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ በአንድ ላይ እንመልሳቸዋለን» ይባላል። የመጋዘን መሬት፣ የመብራት መቆራረጥ፣ የኬላ ቀረጥና የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ጥገና ተቀራራቢ የሚሆኑት በአንድ አዳራሽ ስለተጠየቁ ነው። መልሱም አንድ ነው፦ በሂደት የሚፈታ።

ለአብነት የአንዲት የቡላ ነጋዴን ጥያቄ መውሰድ ይቻላል። ብድር ስትጠይቅ ባንኩ የቤት ካርታ አምጪ ይላታል። ቤት የላትም፤ መጋዘን ሙሉ ቡላ፣ ወፍጮና አንድ አይሱዙ አላት። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል፤ ከብትም፣ እህልም፣ ማሽንም ይያዛል። ታዲያ ባንኩ ለምን አይቀበላትም? «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» ትባላለች። በዓመቱ ተመልሳ ትጠይቃለች፤ ጥያቄው አሁንም በጣም ጥሩ ነው።

ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ይህ ቸልተኝነት ይመስላል። ነገሩ ግን ሀብት ፈጠራ ነው። ጥያቄ እንደ ቆጮ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ በቆየ መጠን ይበስላል። ደግሞም ጥያቄን በሽታ አይገባበትም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በከምባታ ማሳዎች ሲዛመት፣ በዝንጅብል ልጅ ያስተማረና ቤት የሠራ ገበሬ የገንዘብ ምንጩ ደርቆበታል። ያኔ ስለ በሽታው እጁን አውጥቶ የጠየቀ ሰው ካለ ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ ለምለም ነው።

በዚህ ስሌት የቡላ ነጋዴዋ ስታረጅ ባለጸጋ ናት። በሃያ ቃለ ጉባኤ የተመዘገበ፣ ከአንድ ደርዘን ተወካዮች ደብተር የሰፈረ ጥያቄ አላት። ልትናዘዝ ስትል ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ዋናው ጥያቄ ለበኩሩ፣ ተጨማሪ አስተያየቱ ለታናሹ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄው ለሴት ልጇ ይደርሳል። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የከፈተው ልጅ ድርሻዬ ይከበርልኝ ብሎ ውክልና ይልካል፤ በየሰኔው በእርሱ ፈንታ እጅ የሚያወጣ ሰውም በወር ደመወዝ ይቀጥራል። ለጋብቻ የሚላኩ ሽማግሌዎች ስለ ሙሽራው ቤትና መሬት መጠየቅ ትተው ስንት ያልተመለሰ ጥያቄ እንዳለው ያጣራሉ። የዱራሜ ደላሎችም ሥራቸውን ይለውጣሉ፦ «የመብራት ጥያቄ፣ ስምንት ዓመት የሆነው፣ ንጹሕ፣ መልስ ያልነካው» እያሉ ያሻሽጣሉ።

ያኔ ባንኩ ራሱ ይነቃል። ቡላውን አልይዝም ያለው ባንክ ጥያቄውን በዋስትና ይይዛል፤ መልስ ስለማያገኝ ዋጋው አይወርድም። ገማች መሐንዲስ ወደ አዳራሹ ተልኮ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ባነሮች ይቆጥራል። ማዘጋጃ ቤቱ ለጥያቄው ካርታ ይጠይቃል፤ ካርታውን የሚሰጠው ቢሮ ሌላ ከተማ ነው። ገቢዎች የጥያቄ ስም ማዛወሪያ ታክስ ይጥላል፤ ታክሱ ለምን በዛ ብሎ የጠየቀ ወራሽም ሳያስበው ሁለተኛ ንብረት ያፈራል። ከሆሳዕና በቡታጅራ አድርጎ አዲስ አበባ የሚሄድ ጥያቄ በየኬላው ገመድ ይቆማል፣ ይፈተሻል፣ ይቀረጣል። በአንደኛው ገመድ የተከፈለበት ደረሰኝ በሁለተኛው አይሠራም። ይህ ራሱ ለምን ሆነ? በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው።

አደጋው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን አዲስ የተመደበ፣ ወጉን ያልለመደ ባለሙያ ይነሣና «እናቴ፣ አዋጁ ይፈቅድልዎታል፤ ለባንኩ የተጻፈው ደብዳቤ ይኸው፤ እምቢ ካሉ በዚህ ስልክ ይደውሉልኝ» ይላል። በአንድ አፍታ የሦስት ትውልድ ንብረት ይወድማል። ወራሾች ፍርድ ቤት ሄደው ካሳ ይጠይቃሉ። ባንኩ መያዣው ስለጠፋበት ብድሩን በአንዴ መልሱ ይላል። ደላሎቹ ይከስራሉ፤ የተቆረጠ የሠርግ ቀን ይፈርሳል፤ ምክር ቤቱም ለከርሞ የሚያቀርበው ጉዳይ ያጣል። ባለሙያው ወደ ሌላ ቢሮ ቢዛወር አይገርምም። ላም አለኝ በሰማይ ያለ ሰው ላሟን ወደ ምድር ላወረደበት አያመሰግንም።

ሰው ሱቁን ዘግቶ፣ የቀን ገቢውን ትቶ፣ ከዶዮገና ድረስ መጥቶ ያቀረበውን ጥያቄ ሳይመልሱ፣ ያንኑ ጥያቄ በዓመቱ እንዲደግም መጥራት ንቀት ነው። የምክር ቤት አባልነት በፈቃድ ነው፤ አባሉ መዋጮ የሚከፍለው እንዲወከል እንጂ ወንበር እንዲሞላ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲገለጽ፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴው ሱቁን ቆልፎ ተቃውሟል። ምክክር ሥራውን ካልሠራ ጥያቄው በተቆለፈ በር ይቀርባል።

ወደ መድረኩ ስንመለስ፣ ከሰዓት በኋላ የትስስር መርሐ ግብር ይከተላል። ዓላማው የማይተዋወቁ ነጋዴዎችን ማስተዋወቅ ነው። ሆሳዕና ውስጥ የማይተዋወቁ ነጋዴዎችን ማግኘት ራሱን የቻለ ጥናት ስለሚጠይቅ የሚተዋወቁት እንደገና ይተዋወቃሉ። በአንድ ዕድር ያሉ፣ በአንድ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩ፣ ባለፈው የያሆዴ በዓል አንድ ሰንጋ የተካፈሉ የስሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴዎች ባጅ አንጠልጥለው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ስማቸውንና የሥራ ዘርፋቸውን ይነጋገራሉ፤ ቢዝነስ ካርድ ይለዋወጣሉ። አንደኛው ለሌላው በዱቤ የሰጠው የቆርቆሮ ዋጋ ካርዱ ላይ አልተጻፈም። ከአዲስ አበባ ይመጣሉ የተባሉት ገዢዎች መንገድ ላይ መሆናቸው ይነገራል።

የቡድን ፎቶ የሚነሣው ከምሳ በፊት ነው፤ ከምሳ በኋላ የሚነሣ ፎቶ ላይ ወንበር ይበዛል። በማግሥቱ ዜናው በፌስቡክ ገጽ ይወጣል፦ ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው መሥራት እንዳለባቸው ተገለጸ፤ የቀጣይ የትኩረት አቅጣጫም ተቀመጠ። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚሉት ቃላት በዜናው ውስጥ ቦታ የላቸውም።

የመጨረሻው ደረጃ ሪፖርት ነው። የመድረክ ብዛት፦ ዕቅድ 2፣ ክንውን 2፣ አፈጻጸም 100 በመቶ። ተሳታፊ፦ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። የተነሡ ጥያቄዎች ይቆጠራሉ፤ ለተመለሱ ጥያቄዎች ግን ቅጹ ላይ ሣጥን አልተሠራም።

መድረኩን ወደ ሥራ የሚለውጠው መንገድ የታወቀ ነው። ምክር ቤቱ አንድ ጉዳይ ይመርጣል፤ ሕጉን፣ ሕጉ የተጣሰበትን ቦታና አባላቱ ላይ የደረሰውን ወጪ በሁለት ገጽ ይጽፋል፤ የመወሰን ሥልጣን ላለው ኃላፊ ከመድረኩ ሳምንታት ቀድሞ ያስገባል፤ ስምና ቀን ያለበት መልስ ይቀበላል። መድረኩ ሲከፈት፣ ገና ንግግር ሳይጀመር፣ ያለፈው ዓመት ጥያቄዎች ዝርዝር ይነበባል፦ የተመለሰው፣ ያልተመለሰው፣ የዘገየበት ምክንያትና ኃላፊነቱ ያለበት ሰው። ይህን የሚያደርግ ምክር ቤት በግማሽ ቀን ይጨርሳል። የምሳው በጀት ሰኔ 30 ተመላሽ ስለሚሆን የፋይናንስ ክፍሉ ቅር ይለዋል።